«ማለ» ማለት ምን ማለት ነው?



ቀድሞን የመጣው ወንድሜ፣ ልጁ ፃሃል ውስጥ የሚምልበት ቀን ስለደረሰ ከሃይፋ እንድንሄድለት ጠራን። እናቴ ግን «መሐላ እኮ ያስፈራል! ልጁን ለምን ያስምሉታል?» ብላ ተጨነቀች። እኔም ቃሉን ከሥሩ ልየው አልኩ።

በዕብራይስጥ መማል «ለሂሻባዕ» ነው። ፊደሎቹ የሰባት፣ የ«ሼቫዕ» ፊደሎች ናቸው። በዘፍጥረት 21 አባታችን አብርሃም ለቆፈረው ጉድጓድ ምስክር እንዲሆኑ ለአቢሜሌክ ሰባት ቄብ በጎች ሰጠ፤ ሁለቱም ማሉ። ቦታው «ቤኤር ሼቫዕ» ተባለ፤ የሰባትም የመሐላም ጉድጓድ ማለት ነው።

ታዲያ የግዕዙ ኦሪታችን ለምን «ዐዘቅተ መሐላ» ብቻ ይላል? ከግሪክኛ ስለተተረጎመ ነው። ከ2200 ዓመት በላይ በፊት በእስክንድርያ ኦሪትን ወደ ግሪክኛ የመለሱት አይሁድ ሁለቱን ትርጉም ባንድ ቃል መያዝ ስላልቻሉ መሐላውን ይዘው ሰባቱን ተዉት።

«ማሉ» የሚለውን የጻፉበት የግሪክ ግሥ «ኦምኒሚ» ይባላል። ሊቃውንት ጥንት ትርጉሙ «አጥብቆ መያዝ» ነበር ይላሉ፤ የሚምል ሰው አንድ ነገር በእጁ ይይዝ ነበርና። የአብርሃም ሎሌም የማለው እጁን ከጌታው ጭን በታች አድርጎ ነው (ዘፍጥረት 24)።

በፃሃልም ወታደሩ ሲምል ጠመንጃና ታናክ ይቀበላል። መሐላ የሚፈሩ ሃይማኖተኞች ደግሞ «እምላለሁ» በማለት ፈንታ «አኒ ማጽሂር»፣ ማለት «አረጋግጣለሁ»፣ ይላሉ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና፣ «እንግዲያው የያዘውን አይልቀቅ» አለች። አብረን እንሄዳለን።