ዲናርና በላዩ ያለው መልክ

ዲናር የሚባለውን ገንዘብ ሁላችንም ከወንጌል እናውቀዋለን፤ ለቄሣር ግብር ስለ መስጠት ጥያቄ በተነሣ ጊዜ የቀረበው፥ መልክና ጽሕፈት ያለበት የሮማ ብር ነው። እኛ እዚህ ልንመረምር ያሰብነው ያ መልክ ከየት እንደ መጣ ነው፤ የገዢ መልክ በዲናር ላይ ሁልጊዜ አልነበረምና።

ዲናር መሠራት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ዓመት ገደማ ሲሆን ክብደቱ 4 ግራም ተኩል ያህል ነበረ። በአንዱ ገጹ ሮማ የተባለችው የከተማይቱ አምላክ ክንፍ ያለው የራስ ቁር ደፍታ፥ በሌላው ካስቶርና ፖሉክስ የተባሉት መንትዮች ፈረስ ሲጋልቡ ይታያሉ። ሮማ ነገሥታቷን ካባረረች ብዙ ዘመን ሆኗት ስለ ነበረ፥ በሕይወት ያለ ሰው መልኩን በከተማይቱ ገንዘብ ላይ አያወጣም ነበር። ገንዘቡን የሚያሠሩት ሹመትን ገና የሚጀምሩ የትልልቅ ቤተ ሰብ ልጆች ነበሩ፤ እነሱም (ወጣት ምን ጊዜም ወጣት ነው) የአያቶቻቸውን ጀብዱ ያስቀርጹበት ጀመር።

ከነዚህ አንዱ ብሩቱስ ነው። ከልደት በፊት በ54 ዓመት ባሠራው ዲናር በአንድ ገጽ ነጻነትን በሴት አምሳል አወጣ፤ በሌላው፥ ነገሥታቱን ያባረረውንና ቅድመ አያቴ ነው የሚለውን የጥንቱን ብሩቱስ አስቀረጸ። በ44 ዓመት የዕድሜ ልክ ገዢ የተባለው ዩልዮስ ቄሣር በሕይወቱ ሳለ መልኩን በዲናር ላይ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ማርች 15 ቀን ብሩቱስና ጓደኞቹ ወግተው ገደሉት።

ብሩቱስ ከዚያ በኋላ ለጦሩ ደመወዝ ያሠራው ዲናር እጅግ የታወቀ ነው። በጀርባው ሁለት ጩቤዎች፥ በመካከላቸው ነጻ የወጣ ባሪያ የሚደፋው ቆብ፥ ከሥሩም የግድያው ቀን አለ። ፊደል ያልቆጠረ ወታደር እንኳ ይረዳዋል። ገልበጥ ስናደርገው ግን የምናገኘው ነጻነትን አይደለም፤ ራሱን ብሩቱስን ነው! ወታደር ደመወዙን የሰጠውን ማወቅ ይገባዋል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ይህ ምክንያት ግን ለቄሣርም ያገለግል ነበር እንላለን።

ከዚያ ወዲያ የገዢ መልክ ከዲናር ላይ አልወረደም። የወረደው ብሩ ነው። ኔሮ በ64 ዓ.ም. ቀነሰ፤ በሴፕቲምዩስ ሴቬሩስ ዘመን (193–211) ብሩ ወደ ግማሽ ደረሰ፤ በ270 ገደማ ዲናርን የተካው ገንዘብ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ ብር የሌለው፥ ላዩን ብቻ ብር የለበሰ መዳብ ነበረ። በዚያ መዳብ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ የፀሐይ ጮራ ያለው ዘውድ ደፍቶ ይታያል።