ጋን፣ በርሜል ወይስ ምድጃ? ጠላ ጠማቂዋ ቀድማ የምትገዛው ዕቃ

ላሊበላ፦ የገና በዓል ሲቃረብ በላሊበላ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የላስታ ቀበሌዎች ጌሾ የማይወቀጥበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ታኅሣሥ 29 የሚውለውን የልደት በዓል ለማክበር በእግርም በመኪናም የሚመጣው ምዕመን ማደሪያ፣ የሚበላና የሚጠጣ ይሻል። ጠላ ሸጠው ቤታቸውን ለሚያስተዳድሩ እናቶች ይህ ወቅት ትልቅ ገበያ ነው። በዓሉ አልፎ ጥቂት ገንዘብ በእጅ ሲቀር ታዲያ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ለመጪው ጊዜ ምን ዕቃ ይጨመር?

ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ትልቅ ጋን ወይም የፕላስቲክ በርሜል የሚል ነው። ብዙ ጠላ ለመሸጥ ብዙ የሚይዝ ዕቃ ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ከዕቃው ስፋት በፊት ገንዘቡ በየት በኩል እየፈሰሰ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከጋኑ ይልቅ በጉልቻው ሥር የሚያልቅበት ቤት ብዙ ነው።

የጠላን አሠራር ለሚያውቅ ይህ አያስገርምም። ጌሾው ተወቅጦ ከውኃ ጋር ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ይገባበታል፤ ቂጣው ይጋገራል፤ አሻሮው ይቆላል፤ እንኩሮው በምጣድ ላይ ይታመሳል። ከዚያ ሁሉም ተደባልቆ ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻም ውኃ ተሞልቶ ይከደናል። መጥነሱና መደፍደፉ እሳት አይፈልጉም። መጋገሩ፣ መቁላቱና ማመሱ ግን ረጅም ሰዓት የሚነድ እሳት ይፈልጋሉ፤ ይህም እሳት በአብዛኛው የላስታ ቤት የሚነደው በሦስት ጉልቻ መካከል ነው። ነበልባሉ ምጣዱን ከሚያሞቀው ይልቅ በጎን ወጥቶ ግድግዳውንና የሴቲቱን ዓይን ያሞቃል።

ምርጥ ምድጃ ለዚህ ችግር ሲባል በ1980ዎቹ ዓ.ም በአገራችን የተሠራ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ተደባልቆ በቅርጽ ማውጫ እየተመታ በክፍልፋይ ይዘጋጃል፤ የተለመደው የእንጀራ ምጣድ በላዩ ይቀመጥበታል። እሳቱ ዙሪያውን ስለሚታጠር ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል። ምድጃው በልክ ካልተገጠመ ወይም ክፍተቱ በጭቃ ካልተመረገ ግን ቁጠባው ያን ያህል አይሆንም፤ ስለዚህ ገዝቶ መምጣት ብቻውን አይበቃም።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አንዲት ጠማቂ ለአንድ ጥምቂያ 2 ሸክም እንጨት የምትፈጅ ብትሆንና በወር 2 ጊዜ ብትጠምቅ በዓመት 48 ሸክም ታነዳለች። ምድጃው ሩቡን ብቻ ቢቆጥብላት እንኳ 12 ሸክም ይተርፋታል። ይህን በገበያዋ የሸክም ዋጋ አባዝታ ከምድጃው ዋጋ ጋር ማስተያየት የራሷ ፋንታ ነው። ከገጠር ሆና ኩበት የምታነድ ከሆነ ደግሞ ትርፉ ሌላ መልክ አለው፤ ያልነደደው ኩበት ወደ ገብስ ማሳው ይመለሳል። ደጋው መሬት ፍግ እንደሚጠማ ለላስታ ገበሬ ንገሩት ማለት አያሻም።

በከተማው መብራት ያላቸው የኤሌክትሪክ ምጣድን ያነሣሉ። ለቂጣው ይሆናል፤ እንኩሮ ለማመስ ግን ምጣዱ በማማሰያ መላልሶ እንዲፋቅ አልተሠራም። በዚያ ላይ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ የቤቱ መስመር ይችለው እንደሆነ አስቀድሞ በባለሙያ ማሳየት ይገባል።

ምድጃው ካለ ወይም ከተገዛ በኋላ ወደ ማጠራቀሚያው እንምጣ። እዚህ ላይ በቤታችን የደረሰውን ልናገር። እናቴ በአንድ ወቅት ሁለት ጋኖቿን ትታ አንድ ትልቅ ጋን ገዛች። ጠላው በመጀመሪያው ቀን የተመሰገነ ነበር። በአራተኛው ቀን ጋኑ ከግማሽ በታች ሲወርድ መኮምጠጥ ጀመረ፤ በስድስተኛው ቀን የቀረው ከአተላው ጋር ለከብት ሆነ። ጎረቤቶች ጌሾው አነሰ አሉ። በኋላ ግብርና ኮሌጅ ገብቼ ስለ እርሾና ስለ ባክቴሪያ ስማር ነው ነገሩ የገባኝ። ጠላን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አየር ይፈልጋሉ። ጋኑ ሲጎድል በጠላው ላይ ያለው ባዶ ቦታ በአየር ይሞላል፤ ለመቅዳት በተከፈተ ቁጥር ደግሞ አዲስ አየር ይገባል። ስለዚህ በሳምንት ቀስ በቀስ ለሚሸጥ ጠላ ከአንድ ትልቅ ዕቃ ሁለት ትናንሽ ዕቃዎች ይሻላሉ፤ አንዱ ሲቀዳ ሌላው እንደተከደነ ይቆያል። ትልቁ ጋን የሚያዋጣው በአንድ ቀን ለሚያልቅ ድግስ ነው፤ ሠርግ፣ ተዝካር ወይም ራሱ የገና ዕለት።

ሸክላ ወይስ ፕላስቲክ? የሸክላ ጋን ግድግዳው ስለሚወፍር የታኅሣሥን የሌሊት ብርድ ይከላከላል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጠላው ከበረደ እርሾው ይዝላል፣ መድረሻውም ይዘገያል። ጋን በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፤ ጭሱ ለሽታም ለንጽሕናም ያገለግላል። ጉዳቱ ሸክላ ቀዳዳ ያለው በመሆኑ አንዴ የኮመጠጠበት ጋን ኮምጣጣነቱን ለሚቀጥለው ጠላ ማውረሱ ነው፤ መሰበሩም አለ።

ፕላስቲክ አይሰበርም፣ ለማንሣት ይቀላል። ነገር ግን አይታጠንም፤ ስለዚህ የወይራውን ጠረን የለመደ ደንበኛ ልዩነቱን ወዲያው ያውቃል። በሻካራ ነገር ከታሸ ይጫራል፤ በጭረቱ ውስጥ የሚደበቀው ቆሻሻ ደግሞ በማጠብ አይወጣም። ለስላሳ ጨርቅና የሞቀ ውኃ ይበቃዋል። አፉ ጠባብ የሆነ ጀሪካን እጅ ስለማያስገባ ለጠላ አልመክረውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የበርሜሉ የቀድሞ ሥራ ነው። የአረም ወይም የተባይ ማጥፊያ፣ ቀለም ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ ለሚጠጣ ነገር አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ኬሚካሉን መጥጦ ይይዛል፣ ኋላም ቀስ በቀስ ወደ ጠላው ይለቃል። ሻጩ ምን እንደነበረበት በግልጽ የማይነግር ከሆነ ርካሽነቱ አያታልል። ዚንክ የተለበጠ የብረት በርሜልም እንዲሁ ነው፤ የጠላው አሲድ ዚንኩን ያሟሟዋል።

በትንሽ ገንዘብ ብዙ የሚጠቅመው ዕቃ ክዳን ነው። ጠላ ሲፈላ ጋዝ ያወጣል፤ በፕላስቲክ ዕቃ ጥብቅ ተደርጎ ከተዘጋ ይነፋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ክዳኑን በስቶ ቀጭን ጎማ ማስገባትና የጎማውን ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ መንከር ችግሩን ይፈታል። ጋዙ በውኃው ውስጥ እየተንቦገቦገ ይወጣል፣ አየር ግን አይመለስም። ጎማው ከጠላው በላይ እንጂ ከጠላው ውስጥ መግባት የለበትም። መንቦግቦጉ ሲያቆም ጠላው እንደደረሰ ይታወቃል፤ በጋን ላይ ግን አፉን በጭቃ መምረግ የቆየ ዘዴ ስለሆነ ይህን አይሻም።

ውኃው ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ የሚቀዳ ከሆነ አንድ ትልቅ ድስት መግዛትም ይታሰብ። በላሊበላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። ወደ ጋኑ የሚጨመረው ግን ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ትኩስ ውኃ እርሾውን ይገድለዋል።

ጠጅ ለሚጥሉ ሒሳቡ ይለያል። ጠጅ ምጣድ አይፈልግም፤ ማሩ ራሱ ውድ ነው። ለእነርሱ የብርዙን ስኳር መጠን በመንሳፈፍ የሚያሳየው የመስታወት መለኪያ ይጠቅማቸዋል፤ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ ሲበረዝና በአምስት እጅ ሲበረዝ ያለውን ልዩነት በቁጥር ስለሚያሳይ ማር አይባክንም። ለጠላ ግን ድፍድፉ ስለሚወፍር መለኪያው ትክክል አያነብም፤ ጠማቂዋ ባትገዛው አትጎዳም።

በመጨረሻ ጋን ለመግዛት የወሰነች ሴት ለበዓል ልትጠምቅበት ካሰበች ኅዳር ሳያልቅ ትግዛው። በገበያ ጣቷን አጥፋ ታንኳኳው፤ ያልተሰነጠቀ ጋን ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ወደ ቤት ወስዳ ውኃ ሞልታ ታሳድረው። ጠዋት ሥሩ ከረጠበና ውኃው ከጎደለ፣ ጌሾው ሳይወቀጥ ለመመለስ ጊዜ አለ።