በዋልካ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ

በወረታ አንድ መሥሪያ ቤት ሕንፃ ወይም መንገድ ሊያሠራ ሲነሣ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ጨረታ ይወጣል፤ ተጫራቾች ሰነድ ገዝተው፣ ማስከበሪያ አስይዘው የታሸገ ፖስታ ያስገባሉ። ፖስታው በይፋ ይከፈትና ፈቃድ፣ ደረጃ፣ ልምድና መሣሪያ ታይቶ ካለፉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ያሸንፋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥ አዋጅ ቁጥር 649 ግልጽ ጨረታን ዋና ዘዴ ያደረገው የሕዝብ ገንዘብ ለወዳጅ እንዳይታደል ነበር፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ዋጋው ለምን ዝቅ እንዳለ ሳይመረመር ውል መፈረሙን ነው።

ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ዋልካ አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ደግሞ ይጥለቀለቃል። እዚህ የሚገነባ ሰው ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት፣ ጠቅጥቆ መደልደል፣ ውኃ ማውረጃ መሥራት አለበት፤ ይህንንም ዝናቡ ሳይመጣ መጨረስ ይጠበቅበታል። ወጪው ከባድ ነው፤ ሥራው ግን አንዴ ከተቀበረ ለዓይን አይታይም። ስለዚህ ለማሸነፍ ሲል ዋጋ የሚሰብር ተጫራች መጀመሪያ የሚቀንሰው ከዚሁ ከአፈር ሥራው ነው። ከዚያ ወይ ጥራቱን ያጓድላል፣ ወይ የተጨማሪ ሥራ ጥያቄ ይደረድራል፣ ወይ ሲሚንቶና ብረት ሲወደድ ጥሎ ይሄዳል። ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ የሆነው የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ተወርሶ እንኳ፣ ግማሽ ላይ የቆመን ሥራ በአዲስ ተቋራጭ የማስጨረሱን ወጪ የመሸፈኑ ነገር ያጠራጥራል።

“እንግዲያው ለመንግሥት ድርጅት ይሰጥ” የሚል አይጠፋም። ለዚሁ ሜዳ መስኖ የታሰበውን፣ 73 ሜትር ከፍታ ያለውንና 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘውን የርብ ግድብ የገነባው የመንግሥት የውኃ ሥራዎች ኮንስትራክሽን ድርጅት ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ሥራ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቷል። የባለቤትነት ዓይነት ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፦ የጨረታ ኮሚቴው ዝቅተኛውን ዋጋ የመጣል ሥልጣን ካገኘ ለጉቦ በር ይከፈታል። እውነት ነው፤ ሥልጣኑ በግምት ከተሠራበት። ነገር ግን የመሐንዲሱ ግምት፣ ከግምቱ ምን ያህል የወረደ ዋጋ እንደሚመረመር፣ ተጫራቹም የአፈር ሥራውን ነጠላ ዋጋ ከነትንተናው እንዲያስረዳ የሚያስገድድ አንቀጽ ከጨረታው በፊት ሰነዱ ውስጥ ከገባ፣ ኮሚቴው የሚፈርደው በራሱ ፈቃድ ሳይሆን በተጻፈ መለኪያ ነው። ውሳኔውም ከነምክንያቱ ለተሸናፊዎች ይገለጽ። ዋልካውን በስንት ብር ቆርጦ እንደሚያወጣና በምን እንደሚተካው ማስረዳት ያልቻለ ተቋራጭ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ ውል ሊፈረምለት አይገባም።