ሙቀት የነቀርሳ ሐኪም ረዳት ሲሆን

ትኩሳት የበሽታ ምልክት መሆኑን እንጂ የመድኃኒት ወገን ሊሆን መቻሉን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 ዊልያም ኮሊ የተባለ የኒውዮርክ ቀዶ ሐኪም፣ ብርቱ ትኩሳት ይዟቸው ከነቀርሳ የዳኑ ሕሙማን መኖራቸውን ተረድቶ፣ ትኩሳት የሚያስነሡ ተሕዋስያንን ሆን ብሎ በሕመምተኞች እብጠት ውስጥ እስከ መውጋት ደርሶ ነበር። ዛሬ ብዙ ሊቃውንት ያንን ፈውስ ለሰውነት የመከላከያ ኃይል ይሰጡታል። የሆነ ሆኖ ሙቀት ራሱ በነቀርሳ ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ብዙ ምርምር አስከትሏል።

ነቀርሳ ከደም ሥሮቹ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያድግ ውስጡ ኦክሲጅን ያጥረዋል። ኦክሲጅን ያጠረው ሕዋስ ደግሞ በጨረር ሕክምና በቀላሉ አይሞትም። የሚያስደንቀው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ጨረሩን የሚቋቋመው ያው ሕዋስ ሙቀትን ሊችል አይሆንለትም። ከዚህም በላይ ጨረር የጎዳው ሕዋስ ራሱን እንዳይጠግን ሙቀቱ ያግደዋል። ስለዚህ ሐኪሞች እብጠቱን ከ40 እስከ 43 ዲግሪ አድርሰው አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩታል፤ ጨረሩንም ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ይሰጣሉ።

ሙቀቱን ወደ ውስጥ የሚያስገቡት እንዴት ነው? በጋለ ብረት መተኮስ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ብረቱ የሚያቃጥለው ቆዳውን ነው። ማይክሮዌቭ የሚባለው ከራዲዮ ሞገድ ወገን የሆነው ሞገድ ግን በገላ ውስጥ ያለውን ውሃ በሴኮንድ ብዙ መቶ ሚሊዮን ጊዜ እያወዛወዘ ያሞቀዋል። ምግብ የሚሞቅበት ምድጃም የሚሠራው በዚሁ ነው። ሆኖም ሞገዱ በጡንቻ ውስጥ ጥቂት ሳንቲሜትር እንደ ገባ ይደክማል። ስለዚህ ከቆዳ ሥር ላለ እብጠት ይስማማል፤ ለጥልቁ ረዘም ያለ የራዲዮ ሞገድ ያስፈልጋል። በጉበት ላይ ላለ ትንሽ እብጠት ደግሞ እንደ መርፌ የቀጠነ አንቴና አስገብተው ከ60 ዲግሪ በላይ በማሞቅ በደቂቃዎች ውስጥ ያበስሉታል።

ጥቅሙስ? በ1996 ከአውሮፓና ከካናዳ የተሰበሰበ የአምስት ጥናቶች ውጤት ታትሟል። ከ306 የጡት ነቀርሳ ሕሙማን መካከል ጨረር ብቻ ካገኙት ከመቶ 41፣ ሙቀት ከተጨመረላቸው ከመቶ 59 የሚሆኑት እብጠታቸው ፈጽሞ ጠፍቷል። ብልጫው ጎልቶ የታየው ቀድሞ ጨረር ተቀብለው በሽታው በተመለሰባቸው ላይ ነበር። ዕድሜያቸው ግን በዚህ ምክንያት ረዝሞ አልተገኘም። ሙቀትን እንደ ተአምር የሚያወሩ ሰዎች ይህን ሁለተኛውን ቃል መዝለል ይወዳሉ። ነገር ግን ደረቷ ላይ የቆሰለ እብጠት ለጠፋላት ሴት ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ከባዱ ሥራ መለካቱ ነው። ስብና ጠባሳ ሙቀቱን ያዛባሉ፤ አንዱ ስፍራ ሲቃጠል ሌላው ለብ ብሎ ይቀራል። ስለሆነም ቀጫጭን ቴርሞሜትሮች በእብጠቱ ውስጥ ይተከላሉ፤ በቆዳው ላይም ውሃ የሚዘዋወርበት ከረጢት ይደረጋል። ሕመምተኛውን አያስተኙትም። «እዚህ ላይ አቃጠለኝ» ባለ ጊዜ ባለሙያው ኃይሉን ይቀንሳል፤ ቴርሞሜትር ካልተተከለበት ስፍራ የሚመጣው ወሬ እርሱ ብቻ ነውና።