«ከዘራቸው አለ» ቢሏችሁ... ትዳሩ ይቅር?

ለመሆኑ ሽማግሌ ሲላክ ከሀብትና ከሙያ ቀድሞ የሚጠየቀው ምንድን ነው? ዘር ነዋ! ሐይቅ እስጢፋኖስ አካባቢም ሆነ አዲስ አበባ ነገሩ ያው ነው። እንበል፣ ልጅቷ የሐይቅ ልጅ ናት፤ ልጁ ደሴ ተምሮ ሥራ የያዘ ነው፤ ተዋደዋል። አክስቷ ታዲያ ቡና ላይ ጠጋ ብለው «የልጁ አባት እኮ ታመው አይደለም የሞቱት... አጎቱም እንደዚያው ናቸው» ይላሉ። በቃ! ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ።

የልጁ ቤተሰብ ደግሞ ፍትሐት እንዳይከለከል፣ ስም እንዳይጠፋ ፈርቶ «ድንገት ሞተ» ብሎ ቀብሯል። ሰፈሩ የሚያውቀውን ምስጢር ሐኪሙ ብቻ አያውቀውም። አይገርምም?

እስቲ የተጠናውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ የዴንማርክ ጥናት በጉዲፈቻ አድገው ራሳቸውን ያጠፉ 57 ሰዎችን ወስዶ የሥጋ ዘመዶቻቸውን ቆጠረ። ከ269ኙ ዘመዶች 12ቱ ራሳቸውን አጥፍተው ተገኙ። ለማወዳደሪያ በተወሰዱት ሌሎች የጉዲፈቻ ልጆች በኩል ግን ከ269 የሥጋ ዘመዶች 2 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ አክስትየው ጨርሰው አልዋሹም፤ በደም የሚመጣ ነገር አለ። ግን እስቲ ገልብጣችሁ ቁጠሩት፤ 257ቱ ራሳቸውን አላጠፉም! የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ ሞቱ አይደለም። ያም ቢሆን የአንድ ዘረ መል ሥራ አይደለም፤ ብዙዎቹ ትንሽ ትንሽ ያዋጡበታል። «ይህ ሰው ራሱን ያጠፋል» ብሎ የሚናገር የደም ምርመራ እስካሁን የለም።

ሌላም ነገር አለ። ዘረ መል እንደ መብራት ነው፤ ኑሮ ያበራዋል፣ ያደበዝዘዋል። ይህንን የሚያጠናው ዘርፍ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል። የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ራሳቸውን ካጠፉት መካከል በልጅነታቸው በደል የደረሰባቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ ጭንቀትን ለማብረድ የሚረዳ ዘረ መል ሥራው ደክሞ ተገኘ። በልጅነታቸው ያልተበደሉት ላይ ግን፣ አሟሟታቸው ያው ሆኖ ሳለ፣ ይህ አልታየም። የተመረመሩት 36 ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ሁሉን ነገር አይፈታም። ቢሆንም ሽማግሌዎቹ «የማን ዘር ነው?» ከሚሉ «እንዴት አደገ?» ቢሉ ይሻል ነበር።

ወንድሜ፣ የአባትህን ነገር ከአክስት አፍ ሳይሆን ከአንተ ትስማው። ለሐኪምም አትደብቅ። እንቅልፍ እምቢ ካለህ፣ ተስፋህ ከተሟጠጠ፣ «ባልኖርስ?» ማለት ከጀመርክ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፤ አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል አለልህ። ድባቴ ይታከማል። ፀበሉን ተው ያለህ የለም፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጥ።

እህቴ፣ አንቺም ከጠረጠርሽ በግልጽ ጠይቂው፦ «ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። «አዎ» ካለሽ አትቆጪው፣ አትስበኪው። ብቻውን አትተዪው፣ ሊጎዳው የሚችል ነገር ከአጠገቡ አርቂ፣ የሚያምነውን ሰው ጥሪና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት አብረሽው ሂጂ። ሽማግሌዎቹ ይቆዩ።