መጥቶ የማይሄድ ውኃ

የመፀው ዝናብ፣ የቱርካና ሐይቅና የዳሰነች ሕዝብ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በውድብሪጅ አካባቢ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል የኦኮኳን ወንዝ ደፍርሶና ሞልቶ እንደሚወርድ የሰፈሩ ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። በሰኔ 1972 አግነስ የተባለው ማዕበል ባስከተለው ዝናብ ወንዙ የኦኮኳን ከተማን የብረት ድልድይ ጠራርጎ ወስዶት ነበር። ይሁንና ከግድቡ የተረፈው ውኃ ወደ ፖቶማክ፣ ከዚያም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ስለሚፈስ ጎርፉ የሚያደርሰውን ጉዳት አድርሶ ያልፋል። የተጎዳው ሰው ቤቱን ጠርጎ፣ የረጠበውን ምንጣፍ አውጥቶ ጥሎ፣ ኢንሹራንሱን ጠይቆ ወደ ኑሮው ይመለሳል።

መውጫ የሌለው ውኃ ሲሞላስ? በኢትዮጵያ ደቡባዊ ጫፍ፣ የኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት ሥፍራ፣ የዳሰነች ሕዝብ የገጠመው ይህ ነው። እዚያ ውኃው መጣ፤ ግን አልሄደም።

በመስከረም የማያበቃ ዝናብ

ብዙዎቻችን ዝናብ ሲባል የምናስበው ክረምትን ነው። አደይ አበባ ሲፈነዳና የመስቀል ደመራ ሲለኮስ ሰማዩ ይጠራል፣ ገበሬውም አዝመራውን ይጠባበቃል። በቦረና፣ በሶማሌና በሌሎች የደቡብ ቆላዎች ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የሚጥለው ዝናብ ራሱን የቻለ ወቅት ነው፤ ቦረናዎች ሀገያ፣ ሶማሌዎች ዴይር ይሉታል። የአርብቶ አደሩ ሣርና የኩሬ ውኃ በዚህ ዝናብ ይታደሳል።

ይህን ዝናብ የሚያበዛውም ሆነ የሚያሳንሰው በአመዛኙ የሕንድ ውቅያኖስ ነው። በአፍሪካ በኩል ያለው የውቅያኖሱ ውኃ ከወትሮው ሲሞቅ፣ በኢንዶኔዥያ በኩል ያለው ደግሞ ሲቀዘቅዝ፣ እርጥበት የተሸከመው አየር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያዘነብላል። ኤል ኒኞ የሚባለው የፓሲፊክ ሙቀት ሲታከልበት ደግሞ ዝናቡ ይብሳል። በ1961፣ በ1997፣ በ2019 እና በ2023 መፀው የጣለው ከባድ ዝናብ በአካባቢው ሰዎች ዘንድ አይረሳም።

ከ1961ዱ ዝናብ በኋላ የቪክቶሪያ ሐይቅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ2 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ያን ከፍታ ግንቦት 2020 በለጠው። የ2019ኙ እርጥበት ለበረሃ አንበጣም መራቢያ ሆኖ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ያደረሰው ጥፋት ይታወሳል። የ2023ቱ ደግሞ የከፋው፣ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከከሸፉ በኋላ መምጣቱ ነው። ከብቱ በድርቅ ያለቀበት ሰው የቀረችውን ፍየል ጎርፍ ወሰደበት።

ሚዛኑ የደፋ ሐይቅ

ቀድሞ ሩዶልፍ ይባል የነበረው የቱርካና ሐይቅ ርዝመቱ ከ250 ኪሎ ሜትር አያንስም። አብዛኛው ክፍል በኬንያ፣ ሰሜናዊው ጫፍ በኢትዮጵያ ነው። ከሚገባለት ውኃ ወደ 90 በመቶ የሚሆነውን የሚያመጣው ኦሞ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውኃው የሚጎድለው በፀሐይ ተንኖ ብቻ ሲሆን፣ በዚያ በረሃ በዓመት የሚተነው ከ2 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ሐይቁ እንደ ሚዛን ነው። የሚገባው ሲያንስ ይሸሻል፤ ሲበዛ ይሰፋል።

ኦሞ በክረምት ከከፋና ከጅማ ደጋዎች ይዞት የሚወርደው ውኃ ሐይቁን ከፍ የሚያደርገው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ሐይቁ ቀስ በቀስ መጉደል ሲገባው የመፀው ዝናብ ከጠነከረ የመጉደያ ጊዜ አያገኝም። በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ ሙላት የሚደርሰው በአሮጌው ላይ ነው። የኦሞ አፍ ሜዳማ በመሆኑም የአንድ ሜትር ጭማሪ ብዙ ኪሎ ሜትር መሬት ይሸፍናል።

የሚገርመው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የነበረው ስጋት የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ነው። 243 ሜትር ቁመት ያለው ግልገል ጊቤ ሦስት በ2015 ውኃ መያዝ ሲጀምር ቱርካና ይደርቃል የሚል ክርክር በዓለም ዙሪያ ተነሥቶ ነበር። የዳሰነች ሰው የሚኖረው በከብቱና ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ለም ደለል ላይ በሚዘራው ማሽላ ነው። ይህ ውኃ ሸሽ እርሻ ከግድቡ በኋላ ችግር ላይ ወደቀ። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ሐይቁ እየሰፋ መጣ። የሚያበላውን ሙላት ያጣው ሕዝብ የሚያፈናቅለው ሙላት መጣበት።

በ2023 መፀው የወረዳው አብዛኞቹ ቀበሌዎች በውኃ ተጥለቀለቁ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ የወረዳው ከተማ ኦሞራቴም ስጋት ላይ ወደቀች። የግጦሹ መሬት ስለጠፋ ከብቱ ደረቅ መሬት ፍለጋ ተሰደደ። ይህ ከነሐሴ 2006ቱ አደጋ ይለያል። ያን ጊዜ ኦሞ ድንገት ሞልቶ ከ350 በላይ ሰዎች ገድሏል፤ ሆኖም ወንዙ ሲመለስ የተረፈው ሰው መሬቱን መልሶ አግኝቷል። የአሁኑ ውኃ ግን እያሳሳቀ የሚወስድ ነው። ዛሬ አጥሩን፣ በወሩ ጎተራውን፣ በዓመቱ መንደሩን።

ከሐዋሳ የሚገኝ ትምህርት

ነገሩ ሩቅ ለሚመስለው አንባቢ ሐዋሳ ምስክር ናት። የሐዋሳ ሐይቅም መውጫ የለውም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከፍ ብሎ ከተማዋን ባስጨነቀ ጊዜ በዳርቻው የአፈር ግድብ ተሠርቷል። ከተማ ጩኸቷ ይሰማል፤ በረሃ ዳር ያለ መንደር ግን ጩኸቱ ሳይሰማ ሊሰምጥ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ የለም እንዳይባል፣ የውቅያኖሱ ሙቀት ከወራት በፊት ይታያል። በናይሮቢ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ትንበያ ማዕከል የመፀውን ዝናብ ትንበያ ነሐሴ ውስጥ ያወጣል፤ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም የራሱን ይሰጣል። የሚጎድለው ትንበያው በጊዜ ወደ መንደሩ ደርሶ እህሉንና ከብቱን ማሸሻ መንገድ፣ ለሰዉም መስፈሪያ ከፍ ያለ መሬት መዘጋጀቱ ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው ወገን አደጋ በተሰማ ቁጥር እጁን ዘርግቷል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየዕድሩ ገንዘብ ይዋጣል። ለጎርፍ ሲዋጣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የአንድ ወር ዱቄትና ብርድ ልብስ ነው። መሬቱ በሐይቅ ለተያዘበት ሰው ግን እሱ ብቻ አይበቃም። መኖ፣ የጉድጓድ ውኃ፣ ዘርና አዲስ የእርሻ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ይህም የዓመታት ሥራ ነው። እንግዲህ ለኦሞ ሰዎች እርዳታ ሲጠየቅ፣ ሰጪው መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ውኃው ባይሸሽ እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት የት ነው?