ጃኬቱ የሚነፋው ከበር ውጭ ነው

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ደጋግሞ ቢነግራቸውም አልሰሙትም። ቦይንግ 767ቱ ነዳጁ አልቆ፣ ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፍተው፣ ኮሞሮስ ውስጥ ከባሕር ዳርቻ አጠገብ ውኃ ላይ አረፈና ተሰባበረ። ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ።

ስለዚያ ቀን ሲወራ የካፒቴኑ ብርታት ይነሣል፤ ይገባዋልም። ብዙም የማይነሣው የሕይወት አድን ጃኬቱ ነገር ነው። በርካታ ተሳፋሪዎች አውሮፕላኑ ውኃውን ሳይነካ፣ ገና ወንበራቸው ላይ ሳሉ ጃኬታቸውን ነፍተውት ነበር። ውኃው ሲገባ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸው። ለመውጣት ግን ወደ ታች መጥለቅ ያስፈልግ ነበር። ከግጭቱ በሕይወት የተረፉ ሰዎች በዚህ ምክንያት እዚያው ውስጥ ሰጠሙ። የበረራ አስተናጋጆች በየጉዞው «ጃኬቱን ከአውሮፕላኑ ሲወጡ ብቻ ይንፉ» የሚሉት ለዚህ ነው። በዚያች ደቂቃ አብዛኞቻችን ስልካችን ላይ ነን።

ለምን አንሰማም? «አውሮፕላን ከወደቀ ማን ይተርፋል?» የሚል እምነት ስላለን ይመስለኛል። እምነቱ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ሲያርፍ ከባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። በትንሿ አውሮፕላን ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። በትልቁ የነበሩት 379 ሰዎች ግን ሁሉም ወጡ። ከስምንቱ በሮች ማገልገል የቻሉት ሦስቱ ብቻ ነበሩ፤ የድምፅ ማጉያው ስለተበላሸ ሠራተኞቹ በጩኸት ነበር የሚመሩት። ተሳፋሪዎቹ የታዘዙትን ሰሙ፤ ሻንጣቸውን ጥለው ወጡ።

ከዚያ ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2016፣ ዱባይ ላይ የኤምሬትስ ቦይንግ 777 ተከስክሶ ሲቃጠል የታየው ሌላ ነበር። በቪዲዮ እንደተቀረፀው ሰዎች ጭስ እየገባ የዕቃ ማስቀመጫውን ከፍተው ሻንጣ ያወርዱ ነበር። 300ውም ተረፉ። የነዳጅ ታንኩ ግን ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ፈነዳ፤ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛም ሕይወቱን አጣ።

አንድ ሰው ሻንጣ ለማውረድ የሚያጠፋት ጊዜ የእሱ ብቻ አይደለችም፤ ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ ናት። አምራቾች አንድን አውሮፕላን ለማስፈቀድ፣ ከበሮቹ ግማሹ ተዘግቶ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል ማሳየት አለባቸው። ኤርባስ ኤ380 እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሞከር 873 ሰዎች በ78 ሰከንድ ወጥተዋል። በዚያ ሙከራ ላይ ግን ፓስፖርቱንና የዓመታት ልፋቱን ሻንጣ ውስጥ የያዘ ሰው አልነበረም።

ጥፋቱን ሁሉ ተሳፋሪው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ብዙ አየር መንገዶች በአውሮፕላኑ ሆድ ለሚጫን ሻንጣ ክፍያ በመጠየቃቸው ዕቃው ወደ ካቢኑ ተሰደደ፤ የወንበሮቹም ርቀት ጠበበ። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሩ አቪዬሽን አስተዳደር ዝቅተኛውን የመቀመጫ መጠን እንዲወስን በሕግ አዘዘ። አስተዳደሩ ያደረገው ሙከራ ግን ዕድሜያቸው ከ60 በታች በሆኑ ጤነኛ አዋቂዎች ላይ ነበር። ሽማግሌ፣ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ አካል ጉዳተኛ አልተሞከሩም። እነዚህ ሰዎች ይበርራሉ፤ ደንቡ እነሱን ካልቈጠረ ግማሽ ደንብ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ የራሳችን ጉዳይ አለ። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ከሚሄዱት እኅቶቻችን ብዙዎቹ አውሮፕላን የሚሳፈሩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ በውጭ አየር መንገድ ከሆነ ማስጠንቀቂያውን የሚሰሙት በማያውቁት ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ከጉዞ በፊት ሥልጠና የምትሰጡ ተቋማትና ኤጀንሲዎች፣ ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። ቀበቶው እንዴት እንደሚፈታ በእጃቸው ይሞክሩት፤ ጃኬቱ የትና መቼ እንደሚነፋ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ንገሯቸው። ፓስፖርታቸውንም ከሻንጣ አውጥተው በአንገት በሚንጠለጠል ቦርሳ ከሰውነታቸው ጋር እንዲይዙት ምከሯቸው።